የውሃ አባት የመረጥን ቀን

ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ለመኪና መንገድ ተራራውን በሚበሳበት ጊዜ፣ እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያለን ሰዎች የውሃ አባት አጥተን ነበር። የወንዙን ውሃ በቦይ ጠልፎ ለየማሳው በተራ ያካፍል የነበረው ሰው ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገባ። ጣሊያን ሐሳቡ ሁሉ መንገዱ ላይ ስለሆነ ቦያችንን የሚያስታውሰው አልነበረም፤ ምትኩን እንደ ወትሮው እኛው ልንመርጥ ሆነ። ልማዱ፣ በቦዩ የሚያጠጣ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ የማሽላ አገዳ ይዞ መሰብሰቢያችን ከሆነው ሾላ ሥር ይመጣና በወደደው ሰው እግር ሥር ያስቀምጣል።

ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ አጎቴ ነው፤ ሌላው ቃል ከአፉ የማይወጣ ዝምተኛ ጎረቤታችን። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል የለየሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማያውቅ ጎረምሳ ነበርኩ። አጎቴ ጠርቶኝ «በል እስቲ በዚህ ዝምተኛ አገር አስቅበት» አለኝ። ገጠምኩ፦

ቦይ ጠብቅ ቢሉት ተጋድሞ አንኮራፋ፣
የእንቁራሪቱ ዘር በድንጋጤ ጠፋ።

ግጥሙ በሁለት ገበያ ቀን ማጀቴ ከተማ ደረሰ። የዝምተኛው ወንድሞችም አልተኙም፤ አጎቴን የውሃ ሌባ የሚያደርግ ግጥም ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ግጥም ሲቀባበል ዋለ፤ ስለ ውሃው የሚያወራ ጠፋ።

ከቦዩ ጫፍ ማሳ ያላቸው አንዲት እትዬ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ማሳ ነው። ውሃው እሳቸው ጋ ሳይደርስ ስለሚያልቅ በርበሬያቸው መጠውለግ ጀምሯል። መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«የእንቁራሪቱ ግጥም ያንተ ነው አሉ?»

«አዎ እትዬ» አልኩ፣ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ።

«ወላሂ ሳቅሁ። ከዚያ ሄጄ በርበሬዬን አየሁት። እሱ አልሳቀም።»

የምርጫው ቀን አጎቴ ተነሥቶ ስለ ዝምተኛው እንቅልፍ ማውራት ጀመረ። ገና ሳይጨርስ እትዬ አገዳቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ቆሙ።

«አንተ፣ ይሄ ሰው እንቅልፋም መሆኑን ነገርኸኝ። የሱ ወንድሞች ደግሞ አንተ ሌባ መሆንህን ነገሩኝ። ሁለታችሁንም አመንኋችሁ! አሁን ማንን ልምረጥ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። «ይቺን አገዳ እዚህ አላስቀምጣትም። ማሳዬ ድረስ ኑ። ውሃው የት እንደሚቀር ላሳየኝ ሰው እሰጣለሁ» ብለው መንገድ ጀመሩ። ዘወርም ብለው አላዩን። እኔ በዕድሜዬ ግጥም ሳይገጥም ያን ያህል ሕዝብ ያስከተለ ሰው አላየሁም።

ቦዩን ይዘን ወረድን። አጎቴ መንገዱን ሁሉ ያወራል። ዝምተኛው ግን እያጎነበሰ ይሄዳል፤ አንድ የግራር ሥር ጋ ሲደርስ ተንበረከከና ክንዱን እስከ ትከሻው ቦዩ ዳር ባለ ጉድጓድ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ጭቃ በጭቃ ነበር።

«እትዬ፣ ቦዩን ምስጥ በስቶታል። ውሃዎ እዚህ ይሰምጣል።»

«ይደፈናል?»

«በጭቃና በጭድ ይደፈናል። ሰው ካገዘኝ።»

እትዬ አገዳቸውን እግሩ ሥር አስቀመጡ። አንድ በአንድ ሌላውም አስቀመጠ። አጎቴ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አንገቴን ደፋሁ።

«አንተ ባለ እንቁራሪት» አሉኝ እትዬ፣ «ሰው ካገዘኝ ሲል አልሰማህም?»

ሦስት ቀን ከዝምተኛው ጋር ጭቃ ረገጥኩ። ያ እንቅልፋም ያልኩት ሰው ፀሐይ ሳትወጣ እዚያ ቀድሞኝ ይገኛል፤ ስለ ግጥሙ አንድም ቀን አላነሣብኝም። በሦስተኛው ቀን «ጋሼ፣ አንድ የሚያስመሰግንዎ ግጥም ልግጠምልዎ» አልኩት።

«ተወው» አለ። «ይልቅ እዚህ ጋ በተረከዝህ ደህና አርገህ እርገጥልኝ።»

ረገጥኩ። ከቀትር በኋላ ውሃውን ለቀቅነው፤ ተረከዜ በረገጠው ጭቃ ላይ አልፎ፣ የተራረፈ ጭድ እየገፋ፣ ወደ በርበሬው ወረደ።