ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ የተገፋ ማነጣጠሪያ

በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ቅዳሜ ይመስለኛል፣ የጋፋቱ ወዳጄ ደብረ ታቦር ካለው ቤቴ ደጃፍ ከባጃጅ ወረደ። ቀኑን እጠራጠራለሁ፤ ዓርብም ሊሆን ይችላል። በጋቢው ሥር ምን እንደያዘ ግን ገና ሳያወጣው አውቄ ነበር።

«ሊቁ፣» አለኝ ሳይቀመጥ፣ «ዛሬ የአባቴን ሽጉጥ ይዤ ነው የምሄደው።»

«ይዘኸው መጥተህ የለም ወይ?»

«ይኼማ ያንተ አባት ሽጉጥ ነው!»

ይህ ክርክር ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቶቻችን ጋፋት ላይ አጥር ለአጥር የኖሩ ወዳጆች ነበሩ፤ ከአንድ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለት የጣሊያን ሥሪት ሽጉጦች ገዙ። አጫጭር፣ በመዳፍ የሚሸሸጉ፣ አንዱን ጥይት ሲተኩሱ ተከታዩን ራሳቸው የሚያጎርሱ ናቸው። አባቴ ባረፈ ጊዜ በአገራችን ልማድ መሣሪያው ለቅሶው ላይ ወጣ፤ የወዳጄ አባትም ኀዘኑ ቢጸናበት የራሱን ከጎኑ አኖረ። አልቃሾች ሁለቱን እያነሡ አሞገሱ። ለቅሶው ሲበተን ዘመዶች ሁለቱን በአንድ ኩታ ጠቅልለው አስገቡ፤ በማግሥቱም ለየቤቱ እጅ የገባው ተሰጠ። በዚያ ቀን ብረት የሚመረምር ልብ የነበረው ሰው አልነበረም። ቁጥሮቹ በፈቃድ ወረቀት ላይ የተጻፉት ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስሕተቱን ብቻ ነው፤ ስሕተት ከሆነ።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ክርክሩ የበዓል ጨዋታችን ነበር። አሁን ግን ወዳጄ አልሳቀም።

«ክረምቱን ታምሜ ተኝቼ ሌላ አላሰብሁም። ነገ ስሞት የሰው መሣሪያ ነው ለቅሶዬ ላይ የሚወጣው። አልቃሿ ‹የአባቱ ሽጉጥ› እያለች ስታወርድ፣ እኔ ከሣጥኑ ውስጥ ሆኜ ‹ውሸት ነው!› ልበል?»

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ተቋረጠ። እርሱ የሰው መሣሪያ ከያዘ እኔም ይዣለሁ ማለት ነው፤ የእኔም ቀን ሩቅ አይደለም።

የራሴን ከሣጥን አወጣሁ። ጥይት የሚሞላበትን ካርታ ከሁለቱም አወለቅን፤ አፈሙዙ ውስጥ የቀረ ጥይት እንደሌለ እርሱ አንድ ጊዜ፣ እኔ ሦስት ጊዜ አረጋገጥን። ከዚያም በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንዲያ ይመታል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

አንድ ዘመዴ አንድ ጊዜ ያሳየኝ አዲስ ሽጉጥ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ከፍ ያለና ከሩቅ የሚታይ ማነጣጠሪያ አለው። እነዚህ አሮጌዎቹ ግን ከልብስ ሥር ሲመዘዙ ጨርቅ እንዳይዙ ታስቦ ይመስለኛል፣ ማነጣጠሪያቸው ዝቅ ብሎ የተደበቀ ነው፤ ከፊት የገብስ ፍሬ የምታህል ጉብታ፣ ከኋላ ደግሞ መኻሉ የተሰነጠቀ ትንሽ ብረት። ልዩነቱ ያለው በኋላው ብረት ላይ ነበር። የእኔው ከመኻል ጥቂት ወደ ግራ፣ የእርሱው ጥቂት ወደ ቀኝ ተገፍቷል። ሁለቱንም ያስተካከለው አንድ ብረት ሠሪ እንደሆነ ሁለታችንም ሰምተናል።

«አየህ፣» አልሁት፣ «የአባቴ ወደ ግራ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሲወለውለው አጠገቡ ነበርሁ።»

«አንተ ያየኸውን ተወው። ቀፎውን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። አባቴ በአዲሱ ሽጉጥ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቅል አነጣጥሮ ቢተኩስ፣ ቅሉ ሳይነካ ከግራው የተሰቀለው የንብ ቀፎ ተበሳ።

«መንደሩ ሁሉ ሸሸ!» አለ ወዳጄ ጉልበቱን እየመታ። «ያንተ አባት ኮ ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠ!»

«ያንተው አባትስ? ከወፍጮ ቤቱ ደርሶ አይደል የቆመው?»

«እሱ ሊያስቆማቸው ነው የሮጠው!»

ያን ቀን ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ! ከማነጣጠሪያው ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የኋላው ብረት ወደተገፋበት ጥይቱም ይከተላል። ጥይቱ ወደ ግራ የሚስት ሰው ብረቱን ወደ ቀኝ ያስገፋል። ዕድሜ ልኬን ጂኦሜትሪ ያስተማርሁ ሰው ይህን ወደ ራሴ ቤት ሳላመጣው መኖሬ አሳፈረኝ። ሆኖም ትዝታዬ እምቢ አለ፤ ብረቱን ወደ ግራ ተገፍቶ ነው የማየው፣ አሁንም ጭምር።

«ሲወለውለው የት ነበር የምትቀመጠው?» አለኝ ወዳጄ ቀስ ብሎ።

«ፊት ለፊቱ። ጨርቁን እይዝለት ነበር።»

ከወንበሬ ተነሥቼ ጠረጴዛውን ዞርሁና፣ ባዶ መሆኑን አራተኛ ጊዜ አይቼ፣ የእርሱን ሽጉጥ ከአፈሙዙ በኩል ተመለከትሁ። ወደ ቀኝ የተገፋው ብረት ወደ ግራ ተገፍቶ ታየኝ፤ ልክ በሕፃንነቴ እንዳየሁት!

«ይኸው! ይኸው!» ብዬ ጮኽሁ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን ነካችሁ?» አለች።

ሆኖም ትዝታ የሚወድደውን መልስ ሲሰጡት ቶሎ እንደሚታዘዝ ስለማውቅ፣ አጉሊ መነጽር አመጣሁ። በእርሱ ሽጉጥ የኋላ ብረት ግራ ጎን ላይ የመዶሻ ጠባሳ አለ፤ ከግራ ተመትቶ ወደ ቀኝ ሄዷል። በእኔው ላይ ጠባሳው በቀኝ ጎኑ ነው። ሁለቱም ከፋብሪካ እንዲህ አልወጡም። የወዳጄ አባት ጥይት ደግሞ ወደ ቀኝ ይስት እንደነበር ወዳጄ በአባቱ አጥንት ማለ። ለእኔ ያ በቂ ሆነ። አባቴን ለአርባ ዓመት በሰው ቤት አስቀምጬ ነበር።

ወዳጄ ወዲያው የእኔን አንሥቶ በጋቢው ሥር ሊከተው ሲል እጁን ያዝሁት።

«ቁጥሩ በስሜ ነው። ሰኞ ፈቃድ ክፍል ሄደን በሕግ እንለዋወጣለን።»

«አርባ ዓመት ስትወስድብኝ ሕግ አላልህም!»

ሰኞ ማመልከቻዬን በሁለት ገጽ ጽፌ አቀረብሁ። መዝጋቢው ፖሊስ አንብቦ ሁለት ሽበታሞችን እያየ፣ «አባቶቼ፣ ታዲያ ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ? ምን ይለውጣል?» አለን። ወዳጄ ስለ ለቅሶው ማስረዳት ጀመረ፤ ሰውየው ጥቂት አዳምጦ ብዕሩን አነሣ። ከስንት ቀን በኋላ እንደተፈረመ እርግጠኛ አይደለሁም።

ተለዋውጠን ወደ ቤቴ ስንመለስ ወዳጄ የአባቱን ባዶ ሽጉጥ ወደ ግድግዳው ዘርግቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሊቁ፣ የፊቱን ጉብታ ማን ነቀለው?»

«ማንም አልነቀለውም። ዓይንህ ነው።»

የአባቴን አንሥቼ ሞከርሁ። እኔም አላየሁትም፤ መነጽሬን ብቀይር ያው ጭጋግ ነው። ነገርሁት።

«ይሁን፣» አለ ወዳጄ፣ ሽጉጡን በጋቢው ጫፍ እየጠቀለለ። «ለቅሶ ላይ የሚያነጣጥር የለ።»