የመጨረሻው ሲዝን እና የአባባ ጃኬት

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያየው ነገር ሲፈልግ፣ ከቴሌቪዥኑ ሰይፍ ሲመዘዝ ሰማሁ። ብረት ከአፎቱ ቀስ ብሎ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ይሰቀጥጣል። እኔ ኩሽና ሰሃን እያጠብኩ ነበር፤ ቧንቧውን ዘጋሁት። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ስለተወለደ በአማርኛ ስናናግረው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። «ዳድ፣ ኢዝ ዚስ ጉድ?» አለኝ። መጥቼ አየሁት። አሸዋ፣ ጋሻ፣ ዘይት የተቀቡ እርቃናቸውን የሆኑ ወንዶች። «ላንተ አይሆንም» ብዬ ሪሞቱን ወሰድኩበት። አኩርፎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ እኔ እጄ በሳሙና እንደራሰ እዛው ቆሜ ቀረሁ።

ድራማውን የሚያውቀው ያውቀዋል። እርስ በርስ ተጋድለው ሕዝብ እንዲያዝናኑ የተገዙ የሮማ ግላዲያተሮች ጌቶቻቸውን ገድለው ያመልጡና ሮማን ራሷን የሚወጉበት ታሪክ ነው። የመጨረሻው ሲዝን ሲተላለፍ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአብሮ አደጌ ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። አገር ቤት አጥር ተጋርተን ነው ያደግነው። የሱን አባት እኔም አባባ ነበር የምላቸው። የኔ አባት ቀድሞ ስለሞተ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ስባል ይዣቸው የምሄደው እሳቸውን ነበር። ዳይሬክተሩ ፊት አንዴም አባቱ አይደለሁም ብለው አያውቁም።

እኔ ሆቴል ውስጥ ላውንደሪ እሠራ ነበር፣ እሱ ዲሲ ከምድር በታች ያለ የመኪና ማቆሚያ። እኔ በረኪና እሸታለሁ፣ እሱ የመኪና ጭስ። ያን ጊዜ ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው፤ ጫማዬን ሳላወልቅ የተኛሁባቸው ቀናት ይበዛሉ። አብረን የምናርፈው እሑድ ብቻ ነበር። ዓርብ የተላለፈውን ክፍል የኬብሉ ሳጥን ይቀዳልናል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መስኮቱ ላይ አንሶላ ጋርደን እናየዋለን። የከሰዓቱ ፀሐይ አንሶላውን አልፎ ሲገባ ክፍሉ ቢጫ ይሆናል። ማሞቂያው ግድግዳው ውስጥ ኳ ኳ ይላል። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ምስር ወጣችንን እየበላን ሮማውያን ሲታረዱ እናያለን ማለት ነው።

እንጀራውን ሳልረሳ፤ ፎልስ ቸርች ካለ የሐበሻ ሱቅ ነበር የሚመጣው፣ በፕላስቲክ ታሽጎ። ሲዝኑ ተጋምሶ ሳለ ዐቢይ ጾም ገባ። ራቁት ሰው ሲመጣ አብሮ አደጌ ሪሞቱን አንስቶ ያሳልፈዋል። «ጾም ነው» ይላል። አንገት ሲቆረጥ ግን አያሳልፍም። «ደሙስ የጾም ነው እንዴ?» ስለው «ደሙ ከለር ነው፣ ገላው ግን የምር ነው» አለኝ። ይሄን ክርክር እስካሁን ማሸነፍ አልቻልኩም።

አንድ ልማድ ነበረው። የማንኛውንም ፊልም መጨረሻ አስቀድሞ መስማት አይወድም። ግላዲያተሮቹ የምር የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን እንጂ ምን እንደገጠማቸው አያውቅም ነበር። እኔ ኮሌጅ አንድ የታሪክ ኮርስ ወስጄ ስለነበር አውቃለሁ፤ መሪያቸው ይሞታል፣ የተማረኩት መንገድ ዳር ይሰቀላሉ። «ከነገርከኝ ምንጣፉን ለቀህ ትወጣለህ» ይለኛል። እሱ በየሳምንቱ ተራራ ተሻግረው አገራቸው የሚገቡበትን መንገድ ያሰላላቸዋል። እኔ ዝም እላለሁ። ያኔ ዝምታው ጨዋታ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ የሱ አጎት ከአገር ቤት ደወለልኝ፤ ለኔ ነው የደወለው። ማድረቂያዎቹ ስለሚጮሁ አንሶላ ወደምናጣጥፍበት ክፍል ገባሁ።

«ወንድምህ አጠገብህ አለ?»

«የለም፣ ሥራ ነው።»

«አባባ ዐርፈዋል። ትናንት ቀበርናቸው። አደራ፣ እህቱ እስክትገላገል ድረስ ለሱ እንዳትነግረው። እሱ ካወቀ ከፊቱ ታነበዋለች።»

እህቱ አሌክሳንድሪያ ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ እየገፋ ነበር። ለሷ እንዳይነገራት ለሱም እንዳይነገረው ተወሰነ። ነገሩን ከያዝነው ሰዎች ዋናው የእህቱ ባል ነበር። የኛ ሰው መቼም መርዶ በስልክ አይነግርም፤ በሥራ ቦታም አያረዳም። ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ የንስሐ አባት ተይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ተገብቶ ነው። ሰው ደንግጦ እንዳይወድቅ፣ ሲያለቅስ የሚይዘው እንዲኖር ነው። ደግ ሥርዓት ነው፤ ይሄን ስል ላሾፍበት አይደለም። ስልኩን ዘግቼ የተጣጠፉት አንሶላዎች ላይ ፊቴን ደፍቼ አለቀስኩ። ትኩስ ነበሩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሺፍቴን ጨረስኩ።

እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ይደውል ነበር። አባባ ጸበል ገብተዋል፣ ቦታው ኔትወርክ የለውም አሉት። አመነ። ማመን ብቻ አይደለም፣ ደስ አለው። «ስንት ዓመት ወገባቸውን ሲያማቸው እምቢ ብለው፣ አሁን ሰሙ» አለኝ። እኔ «ጥሩ ነው» አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን እሑዶቹ አለፉ። አንሶላው ይጋረዳል፣ ምስሩ ይቀርባል፣ እሱ ለግላዲያተሮቹ መንገድ ያሰላል፣ እኔ ሁለቱንም መጨረሻ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እንደዛን ጊዜ ደክሞኝ አያውቅም። የላውንደሪው ድካም ተኝተህ ይለቅሃል፤ ይሄኛው ከእንቅልፍ ጋር አብሮ ይነሣል።

እህቱ ወንድ ልጅ ወለደች። የእህቱ ባል ሦስት ሳምንት አቆያትና ደወለልኝ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሊመጡ ተስማምተዋል፤ ለሷ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሴቶቹ ይነግሯታል። ቅዳሜ ማለት ድራማው ካለቀበት ዓርብ ማግሥት ነው። እሱ ገና አላየውም።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። «ቅዳሜ ሥራ ይገባል፣ ሺፍት ቼንጅ አድርጓል። ሰኞ ይሁን» አልኩ። ውሸት ነበር። ቅዳሜን ነጻ ነበር፣ ሰኞንም ፈቃድ ወስዷል። እኔ የፈለግሁት አንድ እሑድ ነው። እስኪጨርሰው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ሆኖ እስኪስቅ ብዬ ነው። ለሱ ብዬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለኔም ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደዛ እንደማንሆን ታውቆኛል። የእህቱ ባል «እሺ፣ አርባው እንደሆነ አልፏል፣ ሁለት ቀን ምንም አያደርግም» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አብሮ አደጌ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። «ተነሥ፣ ለአባባ ጃኬት ልንገዛ ነው። ሰኞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ከጸበል ሲወጡ ብርዱ አይችላቸውም።»

ሥራ የምገባው ከሰዓት ነበር፤ አመመኝ ማለት እችል ነበር። ሄድኩ። መደብሩ ከሜትሮው ብዙ አይርቅም፤ አዲስ ልብስና አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። አንድ ጥቁር ሰማያዊ፣ ውስጡ ገበር ያለው ወፍራም ጃኬት አነሣ። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አባባ ልክ ያንተ ትከሻ ነው። ልበሳት እስቲ።»

«ይሆናቸዋል፣ ምን መለካት ያስፈልጋል?»

«ልበሳት ባክህ፣ ከአገር ቤት አይመለስ።»

ለበስኩት። መስታወቱ ፊት አቆመኝ። ኮሌታውን አስተካከለ፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆለፈው። «እጅህን ዘርጋ። ትንሽ ጎበጥ በል፣ እሳቸው ይጎብጣሉ።» ጎበጥኩ። ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄዶ አየኝና ሳቀ። «አባባን ቁርጥ» አለ። ከዚያ መጥቶ እንደ ቀልድ ትከሻዬን ሳመኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ እህቱ፣ አደራው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። «እጅጌው ትንሽ ይረዝማል» አልኩት። «ያጥፉታላ» አለኝ።

እሑድ የመጨረሻውን ክፍል አየን። መሪያቸው ተራራ ላይ ቆስሎ፣ የተረፉት ከበውት ሞተ። አብሮ አደጌ ሳያፍር አለቀሰ። «ይኼን ያህል መንገድ መጥቶ» ይላል፣ ዐይኑን በካኒቴራው እየጠረገ። አብሬው አለቀስኩ። ለፊልሙ መሰለውና ሳቀብኝ፣ ጀርባዬንም መታ መታ አደረገኝ። ምሽት ላይ ጃኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ለሚሄደው ሰው አደረሰ።

ሰኞ በሩ ሲንኳኳ ገና አልነጋም። እኔ ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ተደርድረዋል፣ ፊት የእህቱ ባልና የንስሐ አባቱ። አብሮ አደጌ በፒጃማ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። ነጠላዎቹን አየና «ማን?» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሱሪዬን ለብሻለሁ፣ ጫማዬንም አድርጌያለሁ። የሆነውን ሁሉ ሳይነግሩት ያኔ ገባው ይመስለኛል። የጮኸውን ጩኸት አሁን አልነግራችሁም። ያዙት፤ ሊይዙት ነው የመጡት። እኔም ልይዘው ስጠጋ እጄን ከላዩ አነሣው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ብቻችንን ቀረን። ተከምረው ከቀሩት የልቅሶ ወንበሮች አንዱን አውርዶ ተቀመጠ።

«ጃኬቷን ስትለብሳት ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ምነው በሰደበኝ እላለሁ እስካሁን። ከሁለት ወር በኋላ ውድብሪጅ ክፍል አገኘና ሄደ። አልተጣላንም። ሰርግና ልቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን «እንዴት ነህ፣ ልጆች ደህና?» እንባባላለን። ከአሥር ዓመት በላይ እንደዛ ሆነ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ መጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው በልግ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሥራ ቦታዬ ደርሼ ሳልወርድ ደወለልኝ። ስሙን ስክሪኑ ላይ ሳየው ደነገጥኩ።

«እየነዳህ ነው?»

«አይ፣ ፓርክ አድርጌያለሁ።»

«ሞተሩን አጥፋው።»

አጠፋሁት።

«እማማ ማታ ዐርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ። እዛ ቪዲዮ የሚይዝልህ ልጅ አግኝቻለሁ። ካለህበት አትነቃነቅ፣ እየመጣሁ ነው።»

የኔን እናት ማለቱ ነው። ዘመዶቼ ለሱ ነበር የደወሉለት፤ ሰው ሰብስቦ ቅዳሜ እንዲያረዳኝ አደራ ብለውታል። እምቢ ብሎ ለኔ ደወለ። ሰው እንዴት ፓርኪንግ ላይ ብቻውን ይረዳል ብለው እስከ ዛሬ ያሙታል።

ከውድብሪጅ በሥራ ልብሱ መጣ። ጎኔ ያለው ወንበር ላይ ገብቶ በሩን ዘጋ። ስልኩን መያዝ ስላቃተኝ ከእጄ ወሰደውና በሁለት እጁ ያዘልኝ። የካህናቱ ጥላ ታየ፣ የሰፈራችን ሰው ታየ። «ይቺ ጥግ ያለችው የሱቁ ባለቤት ናት። ያ ሸብቶ ነው እንጂ ያ ኳስ የሚቀማን ነው» ይለኛል በለሆሳስ። ሳጥኑ ሲወርድ ድምፁን ጨመረው፤ አፈሩ ሲያርፍበት ሰማሁት። እኔ እንደ ድንጋይ ደርቄ አያለሁ። አንድ እጁን ከስልኩ አንሥቶ ማጅራቴ ላይ አደረገው።

«አልቅስ» አለኝ። «በሰዓቱ አልቅስ።»