የአባቴ መኪና የኋላ ፍሬን

አባቴ የእህቴን ባል «ልጄ» እያለ መጥራት የጀመረበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። የማስታውሰው እኔን «አንተ» ብሎ መጥራቱን እንዳላቆመ ነው። እህቴ ከማግባቷ በፊት ይህ ልዩነት አልነበረም፤ ወይም ነበረና የምነጻጸርበት ሰው ስላልነበረ አልታየኝም።

የእህቴ ባል ዲላ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ ቆይቶ፣ የራሱን ባጃጅ እየፈታና እየገጠመ መካኒክ የሆነ ሰው ነው። እጁ ጥሩ ነው። ይህን መካድ ብችል ኖሮ ቅናቴ በቀለለልኝ ነበር። እኔ በቤታችን የምታወቀው በማንበብ ነው። አባቴ ያገለገለች አውቶማቲክ መኪና በገዛ ሳምንት፣ ከዳሽቦርዷ ኪስ ያገኘሁትን ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መኪናዋ በእጅ የሚሳብ ፍሬን የላትም፤ በእሱ ፈንታ ከማርሹ አጠገብ አውራ ጣት የምታህል አዝራር አለች፤ ስትነካ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የኋላ ጎማዎቹን ይይዛሉ። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው በትዕግሥት አዳመጠኝ። በማግስቱ ግን ለጎረቤታችን «እስቲ ልጄን እጠይቀዋለሁ» ሲለው ሰማሁ።

የኋላው ፍሬን መፋጨት የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አባቴ ሰኞ ለቡና ሥራ ወደ ወርቃ መሄድ ነበረበት፤ ያን ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ በተበላ የፍሬን ሸራ የሚደፍረው የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ በግቢያችን ከእንሰቱ ጥግ፣ ሥራው ተጀመረ።

«እኔ ልቀይረው፤ አንብቤዋለሁ» አልኩ።

አባቴ ሳቀ። «አንተ ልብስህን አታቆሽሽ።»

በቤታችን ሥራ ያለ ጸሎት አይጀመርም። አባቴ አንድ እጁን በመኪናዋ ጣሪያ፣ ሌላውን በአማቹ ትከሻ ላይ አኑሮ «ጌታ ሆይ፣ የልጄን እጅ ባርክ» ሲል፣ እኔ ክሪኩን ታቅፌ ቆሜ ነበር። ዓይኔን አልጨፈንኩም። «አሜን» ያልኩትም ከሁሉም ዘግይቼ ነው።

የእህቴ ባል የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ አስደገፋቸው። አዝራሯን ነክቶ የማቆሚያ ፍሬኑን ለቀቀ፤ መኪናዋን በክሪክ አነሣ፤ ጎማውን ፈታ። አሮጌው ሸራ እንደ ብስኩት ሳስቶ ወጣ። አዲሱ ወፍራም ስለሆነ፣ እንዲገባ ከተፈለገ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። በአሮጌ መኪና ይህ በማጥበቂያ ብረት ተገፍቶ ይመለሳል። እሱም ብረቱን ደግኖ አጠበቀ። ፒስተኑ ንቅንቅ አላለም።

«ዝጓል መሰለኝ፣ አባባ» አለ። «ጨከን ማለት ነው።»

አልዛገም። ፒስተኑን ከበስተኋላ የያዘው ያ ትንሽ ሞተር ነበር። የማቆሚያ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ አይበቃም፤ ኮንታክቱን ከፍቶ፣ አዝራሯን መመሪያው ባዘዘው መንገድ ይዞ በመቆየት፣ ሞተሩን ለጥገና ጨርሶ ወደ ኋላ ማስመለስ ያስፈልጋል። በጉልበት የገፋው ሰው ይሰብረዋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።

ዝምታዬን ከዚያ ወዲህ ጨዋነት ነው፣ በሰው ሥራ አለመግባት ነው እያልኩ ልሸፍነው ሞክሬአለሁ። ቅናት ነበር። ያ ሰው በአባቴ ፊት ሲያቅተው ማየት ፈለግሁ። ብረቱ ሲንሲያጠጥ፣ የግንባሩ ላብ አፍንጫው ላይ ሲንጠባጠብ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ። መኪናዋ ብትሰበር ሰኞ ወርቃ እንደማይኬድም አውቅ ነበር።

በመጨረሻ ብረቱን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ሊቁ፣ ያን ድርሳን ጨርሰኸዋል አይደል? እኔ እንግሊዝኛ ከባጃጅ ላይ ጥቅስ ሌላ አላነበብኩም። ይቺ በተን ሌላ አመል አላት እንዴ?»

መኪናዋ ውስጥ ገብቼ መመሪያው ያለውን አደረግሁ። ከኋላ ጎማው በኩል ቀጭን የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ፒስተኑም በትንሽ ግፊት ገባ። የእህቴ ባል በራሱ ላይ እስኪያስለው ሳቀ። «ይኸን ሁሉ ጊዜ ከሞተር ጋር ነው ለካ ግብግብ የያዝኩት!»

አባቴ አልሳቀም። «ታውቅ ከነበረ ለምን ቀድመህ አልነገርከውም?»

«አልጠየቀኝም» አልኩ።

በሁለቱም ጎን አዲሱ ሸራ ገብቶ ጎማዎቹ ሲታሰሩ፣ አባቴ የመኪናዋን ቁልፍ ለአማቹ ዘረጋ። እሱ ግን ግራሶ የነካውን እጁን አሳይቶ «እሱ ይሞክራት፣ አባባ። መላዋን ያገኘው እሱ ነው» አለ። አባቴ ጥቂት አመነታና ቁልፉን ሰጠኝ፤ አጠገቤም ተቀመጠ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያን ቁልፍ የሰጠኝ በእህቴ ባል ምልጃ መሆኑ ግን አንገበገበኝ።

ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ቁልቁለት ነው፤ ከታች የሞያሌ ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ። ሞተሩን ሳስነሣ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ በታች ሰመጠ። ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ማርሽ አስገባሁ።

«ቆይ! ቆይ!» የእህቴ ባል እየሮጠ መስኮቱን ያዘ። «ፓርክ ላይ መልሰው! ሸራ ሲቀየር የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጠው።»

ረገጥኩ። ሁለቴ ወለሉን ነካ፤ በሦስተኛው ተቋቋመኝ፤ በአራተኛው ጠነከረ። ይህ ባነበብኩት መመሪያ ውስጥ አልነበረም፤ ወይም አላስተዋልኩትም። እሱ የሚያውቀውን እስክጠይቀው አልጠበቀም። አባቴ በፊት ለፊት መስታወት ከባድ መኪናዎቹ የሚያልፉበትን አስፋልት እያየ ነበር፤ እኔም ወደ እሱ ለመዞር አልደፈርኩም።