የአያቴን ሽጉጥ የሠራው ሰው

ባለፈው ወር መካነ ሰላም ሄጄ በአንድ ብየዳ ቤት በር ሳልፍ፣ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እዚያው ቆምኩ። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመለስለት ሆዱ ይባባል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። የአያ ይመር ሽታ ነበር፣ አያ ይመር ደግሞ የአባቴን ውሸት ያስታውሰኛል።

አያ ይመር ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። የአካባቢው ሰው እሱ በሠራው ማረሻ አርሶ፣ እሱ በሠራው ማጭድ አጭዶ ጎተራውን ከሞላ በኋላ «ቡዳ» ይለው ነበር። እኛ ቤት ሲመጣ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ነበር፤ የሚጠጣባት ጣሳም ከሌላው ዕቃ ጋር እንዳትነካካ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ትውል ነበር። ልጁ ዘይነባ ከእኔ ጋር ሦስተኛ ክፍል ትማር ነበር፤ በእረፍት ሰዓት እሷ ስታልፍ ሁላችንም ቁርሳችንን በክንዳችን እንጋርድ ነበር። እኔም ጋርጃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቁጣዬ ሌሎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል ነው።

የእኛ ቤት ክብር ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፦ ባሩድና የእርሳስ ድብልብል የሚጎርስ፣ ስድስት ጎራሽ አሮጌ ሽጉጥ። አንድ ፈረንጅ ለቅድመ አያቴ ሰጠው ይባላል። በየጥምቀቱ አባቴ ታጥቆት ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ስለ ሠሪው ይከራከሩ ነበር፤ አንዱ አርመን ነው ሲል ሌላው ግሪክ ነው ይል ነበር፣ ሦስተኛው ሞስኮብ ነው ብሎ ይምል ነበር። ከጎረቤታችን ከደጎሎ ከተማ ወዲያ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አውሮፓን አገር በአገር ሲያስሱ ይውሉ ነበር፣ በእግር ሩብ ሰዓት የማይርቀውን ሰው የጠረጠረ ግን አንድም አልነበረም።

አንድ ክረምት የሽጉጡ ሞላ ተሰበረ። አባቴ ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ወሰደው፣ የስፌት መኪና ጠጋኙ ዘንድ ወሰደው፣ እጀታውን የያዘችውን ብሎን የፈታ ግን ጠፋ። በመጨረሻ አያ ይመር ተጠራ፣ ዝናቡም አላስቀምጥ ስላለው ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳችን ላይ ወጣ።

«ይመር፣ ብሎኑ ዝጓል፣ እንዳትሰብርብኝ» አለው አባቴ።

አያ ይመር ወደ ብሎኑ እንኳ ሳይመለከት በቢላዋ ጫፍ ዞር አደረጋትና አወጣት።

«አልዛገም ጌታዬ። ሌላው ወደ ግራ ይፈታል፣ ይቺ ወደ ቀኝ። ብሎን ስሠራ የመጀመሪያዬ ስለነበረች ጥርሷን አዙሬ ቀረጽኩት።»

እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። አያ ይመርም አንገቱን ደፍቶ ነገሩን ዘረዘረ፦ አያቴ በአንድ የድርቅ ዘመን ዋናውን ሽጉጥ ለነጋዴ ከመሸጣቸው በፊት ክረምቱን ሙሉ እሱ ዘንድ አስቀምጠውት፣ እሱም እያየ አምሳያውን ሠርቶላቸው ነበር።

«አባትዎ ‹ልጄ ካልፈቀደልህ በቀር ለማንም እንዳትናገር› ብለው አስምለውኛል። አሁን ይፍቀዱልኝ ጌታዬ። ወላሂ ሌላ ምንም አልፈልግም። ልጄን ትምህርት ቤት የቡዳ ልጅ ይሏታል፤ የሽጉጥ ሠሪው ልጅ ቢሏት ምናለበት?»

«እስቲ ክረምቱ ይውጣ» አለ አባቴ።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ላይ «አጨዳው ይለፍ» አለው፤ አጨዳው ሲያልፍ «እህሉ ጎተራ ይግባ» አለው። አያ ይመር በየጊዜው እየመጣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ፣ በጣሳው ጠጥቶ ይሄድ ነበር።

ጥር ላይ ከደሴ ቅርስ የሚመዘግብ ሰው መጣ። ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተሰበሰቡ፣ አያ ይመርም በሩ አጠገብ ነበር። መዝጋቢው በአፈሙዙ ቀዳዳ አጮልቆ አየ፣ ብረቱን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ይህ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም» አለ። «የፋብሪካ ቢሆን የአፈሙዙ ውስጥ ጠምዛዛ መስመር ይኖረው ነበር፤ ይሄ ልሙጥ ነው። የሞረዱ ዱካም ይታያል። አንድ ሰው ዋናውን እያየ በእጁ የሠራው ነው። እጁ ይባረክ! ማን ነው?»

አባቴ ለእንግዳው ጠላ እንዲቀዳ አዘዘ። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«አያ ይመር ነው! ብሎኗ ወደ ቀኝ ነው የምትፈታው!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። «የአሰቡንም መርከብ ይመር ነው የሠራው በይና!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። አባቴም አብሮ ሳቀና «ይቺ ልጅ ተረት ትወዳለች» አለ።

መዝጋቢው ግን አልሳቀም። ወደ በሩ ዞሮ «እውነት ነው አባቴ?» አለ። አያ ይመርን በእኛ ግቢ ማንም «አባቴ» ብሎት አያውቅም። ከድንጋዩ ተነስቶ አባቴን ትክ ብሎ አየው፤ መላው ግቢ የሚጠብቀው የእሱን መልስ ነበር፣ እሱ ግን የአባቴን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። አባቴ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«እኔ ማረሻ እሠራለሁ ጌታዬ» አለ አያ ይመር።

አልዋሸም፣ መሐላውንም አላፈረሰም። ቡዳ የተባለው ሰው ለሞተ ሰው የገባውን ቃል ጠበቀ፤ የተከበረው ሰው ከነሽጉጡ ዋሸ። መዝገቡ ላይ «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ። ማታ አባቴን «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው «የአያትሽ ስም በቀጥቃጭ አፍ ይነሳ?» አለኝ። በልግ ሳይገባ ዘይነባ ስድቡ ሲበዛባት ትምህርቷን አቆመች፣ አያ ይመርም እኛ ቤት መምጣቱን ተወ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ሽጉጡ የቅርስ ማሳያ ገባ። እኔም የወራሾችን ፊርማ አሰባስቤ፣ የብሎኗን ነገር ጽፌ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ከወንድሞቼ አንድ እንኳ አላንገራገረም፣ እንዲያውም «ደስ የሚል ታሪክ ነው» አሉኝ። አሁን መስታወቱ ሥር «ሠሪ፦ ይመር፣ የመካነ ሰላም ቀጥቃጭ» የሚል ካርድ አለ። ፎቶውን ይዤ ከላላ ድረስ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ ስልኬን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችውና መለሰችልኝ።

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለች። «አናውቅም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ያኔ እውነቱ የአባቴን ኩራት ያስከፍል ነበር፤ ከእሱ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፣ አንዲት ልጅም ከትምህርት ቤት ባልቀረች ነበር። ዛሬ ማንንም ምንም አያስከፍልም፤ ለዚህም ነው ሁሉም በአንድ ቀን የፈረመልኝ።