ከሣሩ ላይ የጠፋው ኖራ

ሳሪስ አቦ ባለችው ሱቄ ዛጎል እሸጣለሁ፤ ለአንገት ጌጥ፣ ለሞሰብ፣ ለሆቴል ግድግዳ። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ባሕሩን ሱቄ ድረስ የሚያመጡልኝ ከጅቡቲ ቃሊቲ የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ። ዛጎሉ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ካርቶኑን በደረቀ የባሕር ሣር ጠቅጥቀው ነው የሚያመጡት።

ሌላው ሰው ዛጎሉን ያያል፤ እኔ ሣሩን ነበር የማየው። ዛጎል ታጥቦ ተወልውሎ ሊዋሽ ይችላል፤ ማሸጊያ እንዲዋሽ ግን ማንም አይደክምበትም። ቅጠሉ እንደ ሪባን ቀጭን ነው፤ ላዩ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ተለጥፎበት ይመጣል። ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ችስስ ብሎ አረፋ ካወጣ፣ ዕቃው የባሕር ነው ብዬ እቀበላለሁ። ሾፌሩ ይህን ምርመራ አያውቁም። ታማኝ ሰው መመርመሩን ባያውቅ ይመረጣል፤ ካወቀ ይከፋዋል፣ ወይም ይዘጋጃል።

አንድ ቀን የመጣው ካርቶን ግን ሌላ ሆነ። ቅጠሉ እንደ ትምባሆ ቡናማ፣ ሙልጭ ያለ። ሎሚ አንጠባጠብኩ፤ ጭጭ። አንዳንዱ ዛጎል ሳይቀር ወዙ ጠፍቷል። ሽማግሌው የባሕሩን ትተው የሐይቅ ዳር ዛጎል ለቃሚ አገኙ፣ ወይም የሰው ውዳቂ ጭነውብኛል አልኩ በልቤ። ሻይ አዝዤላቸው ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ ቦታ ጀመሩ እንዴ?»

«ምን አዲስ ቦታ አለ? ባሕሩ እንደሆነ ያው ባሕር ነው።»

ሳልጠይቀው ባሕር የሚጠራልኝን ሰው አላምንም።

በዚያው ሰሞን አንዲት ደንበኛዬ መጣች። ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። መሳቢያዬ ውስጥ የቆየ አንድ ነጭ ቅጠልና አዲሱን ሙልጭ ጎን ለጎን ዘረጋሁላት።

«እትዬ፣ ይሄ ነጩ ቆሻሻ እኮ አይደለም» አለች። «ቅጠሉ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። ኖራውን ከባሕሩ ውኃ እየለቀሙ ቤት ይሠሩበታል።»

«የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በያቸዋ፣ ቲቸር።»

ሳቀች። የመኪናውንና የፋብሪካውን ጭስ ባሕሩ እንደሚጠጣው፣ በጠጣ ቁጥር ወደ አሲድ እያዘነበለ እንደሚሄድ አስረዳችኝ። ከባሕር ወለል ይኸው የጭሱ ጋዝ በሚፈልቅባቸው አንዳንድ ቦታዎች ባለ ኖራዎቹ ከቅጠሉ ላይ ሲሳሱና ሲጠፉ ታይቷል። በቦታቸው ኖራ የሌላቸው ለስላሶቹ ይገባሉ። ሣሩን ራሱን ደግሞ ሊስማማው ይችላል።

«ተከራይ ሲለቅ ቤቱ ይወፍራል ማለት ነው» አልኩ። «ስለዚህ ሣሩን ያመጡልኝ ሽማግሌ ንጹሕ ናቸው?»

«እሱን አላውቅም። ቅጠሉ ለጋ ሆኖ ገና ኖራ አልያዘም ይሆናል። ባሕሩ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። በአንድ ጉዞ ልዩነት እንዲህ ሙልጭ አያደርግም።»

ከነገረችኝ ሁሉ ይዤ የቀረሁት ይህችን የመጨረሻዋን ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ዕቃው ሱቅ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ቃሊቲ መኪኖቹ የሚቆሙበት ሄድኩ። ሌሎች ሾፌሮች ቆመው እያዩ ካርቶኑን ከፍቼ አንድ ቅጠል መዘዝኩና ሎሚዬን ጨመቅኩበት፤ አሁንም አረፋ የለም።

«ምነው ልጄ፣ ዓሣ ልትጠብሺ ነው?» አሉ ሽማግሌው። ሾፌሮቹ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ኖራው የት ሄደ? ይህ ሣር የየት አገር ነው?»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ሎሚውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ “ሣርዎ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ደንበኛ አባረረብኝ” ያልሽኝ? አቼቶ በውኃ በጥብጬ ዘፍዝፌ፣ አስጥቼ ነዋ የማመጣልሽ! ያለፈው ጊዜ ሳይደርቅ ጫንኩት፣ ዛጎሉን አደበዘዘው፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው። የቀረው የአፍሽ ነው።»

ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ዕቃ ሲያወርዱ አፍንጫዬን ይዤ ያልኩትን ሽማግሌው ትእዛዝ አድርገው ተቀብለውታል። ባሕሩ በስንት ዘመን የሚያደርገውን በአንድ በርሜል አቼቶ ጨረሱት። እኔስ በሎሚዬ ስንቱን ቤት እያፈረስኩ «ተመረመረ» ስል ኖርኩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ሱቅሽ ገብተሽ ሌባ ብትዪኝ እችለው ነበር። ሎሚ ይዘሽ ሰው ፊት መጣሽብኝ።» ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

አስታራቂ ልኬባቸው ነበር፤ ይቅር ማለቱን ይቅር ብለውኛል፣ መጫኑን ግን አልጫኑልኝም። አሁን የሚያመጣልኝ ወጣት ሾፌር ዛጎሉን በፕላስቲክ ይጠቀልለዋል። ፕላስቲክ አይሸትም፣ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ልጁን ቀኑን ሙሉ እጠረጥረዋለሁ።

ነጩ ቅጠል አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቲቸር ለተማሪዎቿ ልትዋሰው ስትመጣ፣ ሎሚ እንዳታስነካው አስምያት ነው የምሰጣት።