የማተቡ ቦታ

የጡት ካንሰር የጨረር ሕክምናዬን የጨረስኩት ሌላ ከተማ ሄጄ ነው። ጎንደር ስመለስ ሰው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አለኝ። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ለጠያቂ ፊቴን ማፍካት እንኳ ከብዶኝ አልጋዬን ብቻ ነበር የምመኘው።

ሕክምናው ሲጀመር ነርሷ ወረቀት ይዛ ጠይቃኝ ነበር። ስኳር አለብዎት? አለብኝ። ክብደትዎ? ነገርኳት፤ ጻፈችው። ሲጋራ ያጨሳሉ? «የቄስ ልጅ ነኝ» አልኳት፤ ሳቀችና «አያጨሱም» ብላ ሞላችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አስረዳችኝ። ጨረሩ የሁሉንም ሰው ቆዳ እኩል አይጎዳም፤ ስኳር ያለባት፣ ወፈር ያለች፣ ጡቷም ተለቅ ያለ ሴት ቆዳዋ ቶሎ ይላጣል። በተለይ ቆዳ ከቆዳ በሚገጥምበትና አንዳች ነገር በሚፈትገው ቦታ ይብሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሸጋ እየተባለ የተመሰገነው ሰውነቴ ወረቀቱ ላይ ጥፋት ሆኖ ተመዘገበ። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላውቅም።

በመጨረሻ አንገቴን አየች። ጨረሩ እስከ አንገቴ ሥር ይደርሳል። «ይህ ክር መውለቅ አለበት፤ መስቀሉም ይፈትግዎታል» አለችኝ። ማተቤን ፈትቼ በመሐረብ ጠቀለልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ክርስትና ከተነሣሁ ወዲህ፣ ክሩ ባረጀ ቁጥር እናቴ አዲስ ትፈትልልኝ ነበር እንጂ አንገቴ ባዶውን ውሎ አያውቅም።

ነርሷ ስታሰናብተኝ «ቆዳው የሚብሰው ሕክምናው ካበቃ በኋላ ነው፤ አሁንም ይጠንቀቁ» ብላኝ ነበር። እኔ የሰማሁት «ካበቃ» የሚለውን ብቻ ነው። መኪናው ማክሰኝትን አልፎ ፀዳ ሲቃረብ ቦርሳዬን ከፍቼ ማተቤን አሰርኩ። እናቴ ከኮላ ድባ መጥታ ቤቴ እየጠበቀችኝ ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ የቄስ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ናት፤ የልጇን ባዶ አንገት ከምታይ ሬሳዬን ብታይ የምትመርጥ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከበሽታው ይልቅ እሷን ፈራሁ።

በሳምንቱ ቆዳዬ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ተላጠ። ከጡቴ ሥር ያለውን በንጹሕ ጨርቅ እየደገፍኩ ቻልኩት። ክሩ ያረፈበት ግን ቀልቶ ተከፈተ፤ ውሃም ያዥ ጀመር። መስቀሉ ቁስሉ ላይ ተጣበቀ። እኔም በነጠላ ተከናንቤ ዋልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ነጠላዬን ልታጥብልኝ ስትወስደው ጠርዙ ላይ ደም አየች። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የቀሚሴን አንገት ገለጥ አደረገችው። ቁስሉን አየች።

«ሐኪሞቹ ምን ብለውሽ ነበር?»

«አውልቂው ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አሰርሽው?»

«አንቺን ፈርቼ ነዋ፣ እምዬ።»

እስከዚያ ቀን አላለቀስኩም ነበር። ያኔ አለቀስኩ። ከመታመሙ በላይ መደበቁ አድክሞኝ ነበር።

እናቴ ፈልቶ የበረደ ውሃ አምጥታ መስቀሉ የተጣበቀበትን እያራሰች ቀስ ብላ አላቀቀችው። ቋጠሮው እንቢ አላት። መቀስ አለ ብላት «ማተብ በመቀስ አይቆረጥም» ብላ በጥርሷ ፈታችው። ክሩን አጠበችና ሲደርቅ ከራሷ ማተብ ጎን አንገቷ ላይ አሰረችው። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ አጥበው የሚቀባ ሰጡኝ።

ቁስሉ አሁን እየጠገገ ነው። ማተቤ ግን ዛሬም እሷ አንገት ላይ ነው። ከቅዳሴ ስትወጣ የሚያውቋት ሴቶች «ምነው ሁለት አሰርሽ?» ሲሏት፣ «አንዱ የልጄ ነው፤ አንገቷ እስኪጠና ይዤላት ነው» ትላቸዋለች።