የሱግና አምባሮች

መንደሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። ላይኛው ሰፈር፣ ጉድጓዱ ዙሪያ፣ ጃት የሚባሉት ባለመሬቶች አሉ። ዝቅ ሲሉ ስድስት የሸክላ ሠሪ ቤቶች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቆዳ ሠሪዎቹ። ለሕዝብ ቆጠራ የተላከው መምህር ዲንደያል ከላይ ጀምሮ ነው የወረደው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል፤ ቆዳ ሠሪዎቹ ጋ ቆሞ ጽፎ ይሄዳል። ማን ይወቅሰዋል? ሁሉም እንዲያው ነው የሚያደርገው።

ሱግና ጎማ የሚባሉት ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ ምራት ናት። ባሏ ለሥራ ብሎ ሱራት ከተማ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ወሬውም የለ። ልጅ አልወለዱም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአማቷን ጭቃ ስትረግጥ ኖራለች። ዛሬ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መምህሩ «ባሏ ትቷት ሄዷል» ብሎ እንዲጽፍላት። ያ ከተጻፈ በስሟ የመንግሥት የእህል ራሽን ካርድ ታወጣለች። ወንድሟ «ካርድሽን ይዘሽ ነይ፣ ባዶ እጅሽን ግን አላስገባሽም» ብሏታል።

ታዲያ ምራት አማቷ ፊት አፍ አውጥታ አትናገርም፤ የባሏንም ስም አትጠራም። ሻሿን እስከ አገጯ ስባ በሩ ጥግ ቆመች።

«የምራትዎ ባልስ?» አለ መምህሩ።

«አለ» አሉ ጎማ፣ ከአልጋቸው ሳይነሱ።

«የት?»

«ሥራ ላይ ነዋ።»

«ዘጠኝ ዓመት የማያልቅ ምን ዓይነት ሥራ ነው አባባ? እሷን ልጠይቃት።»

«ጠይቃታ። ከመለሰችልህ።»

ጠየቃት። አማቷ ፊት ናቸውና ሻሿን ይበልጥ ወደ ታች ሳበች። ብዕሩ «ያገባች» ከሚለው ላይ ሲደርስ አየች። ያኔ ንዴቷ ገነፈለና ሁለት እጇን ከበሩ ድንጋይ ጋር አጋጨችው። የብርጭቆ አምባሮቿ ረገፉ።

ወይ የጨነቀው ሰው! አምባሯን የምትሰብረው ባሏ የሞተባት ብቻ ናት። ትቶኛል ልትል ፈልጋ ሞቷል አለች።

ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። ሽማግሌው ግን ስባሪውን አዩና በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እሷው አወጀች፤ እኔ አላልኩም» አሉ። «ባንዋር፣ ና ወዲህ።»

ባንዋር ታናሽ ልጃቸው ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ሚስት የሚሰጠው አጥቶ የቀረ። በደንባቸው ባሏ የሞተባት ሴት የምትሰጠው ለባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀይ ሻሽ ከተደረበላት ሚስቱ ሆነች ማለት ነው። ባሏ አለ እስከተባለ ድረስ ግን ማንም አይነካትም ነበር። ያ የጠላችው «አለ» ነበር የጠበቃት። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይሄ ነው።

ባንዋር ትምባሆውን እያኘከ መጥቶ ቆመ።

«ያገባች ብለህ ጻፍ» አሉ ጎማ። «ባል፣ ባንዋር። ሻሹ አርብ ይደረብላታል።»

መምህሩ ወደ ሱግና ዞረ። «እህቴ፣ ባልሽ እውነት ሞቷል?»

«አልሞተም» አለች። አማቷ ድምፅዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። «መንጊላል አልሞተም።»

ጎማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰማህ? በሕይወት ያለ ባል ስም በሚስቱ አፍ ሲጠራ ሰምተህ ታውቃለህ?»

መምህሩ እሱም የዚያው መንደር ሰው ነው። ሰምቶ አያውቅም። «ያገባች፤ ባል፣ ባንዋር» ብሎ ጻፈ።